ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፤ የአየሩ መንገድ ርቀትና የጉዞው ሰዓት

ከአዲስ አበባ ቦሌ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ፣ አይሮፕላኑ በመካከል አርፎ ነዳጅ የሚቀዳበት ጊዜ ጭምር ተቈጥሮ፣ 17 ሰዓት ያህል ይጓዛል። ከዋሽንግተን ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ሲሄዱም ሲመለሱም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ጊዜው በ4 ሰዓት ያህል መለያየቱ ብዙ ሰዎችን ያስገርማል። ምክንያቱን ማወቅ ግን ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥ በአየር የሚልክ ነጋዴ፣ ጭነቱ በቀጠሮው ቀን መግባት አለመግባቱ፣ አንዳንዴም ከመጋዘን ሳይነሣ ማደሩ፣ ከዚሁ ምክንያት ጋር የተያያዘ ነው።

አስቀድሞ ስለ ርቀቱ። የቦሌ ዓለም አቀፍ የአይሮፕላን ማረፊያና ለዋሽንግተን ከተማ የሚያገለግለው የደለስ የአይሮፕላን ማረፊያ በምድር ገጽ ላይ በአጭሩ መንገድ ሲለካ 11,560 ኪሎሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደለስ በከተማው ውስጥ ሳይሆን በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን በስተ ምዕራብ 40 ኪሎሜትር ያህል ወጣ ብሎ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ጭነት የሚረከብ ሰው የመኪናውንም መንገድ በሒሳቡ ውስጥ ማግባት አለበት።

አጭሩ መንገድ የትኛው እንደ ሆነ የግድግዳ ካርታ አይናገርም። በጠፍጣፋው ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ማስመሪያ አስደግፎ መሥመር ቢሰመር፣ መሥመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ ላይ አልፎ ወደ ባሕር ይወጣል። ነገር ግን ምድር ክብ ስለ ሆነች፣ ይህ በዓይን ቀጥ ያለ የሚመስለው መሥመር ከእውነተኛው አጭር መንገድ በ500 ኪሎሜትር ይረዝማል። ነገሩን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ለተማሪ ቤት የሚሆን ሉል ገዝቶ፣ አንድ ክር በሁለቱ ከተሞች መካከል አጥብቆ ይወጥር። ክሩ ወደ ሰሜን ጐበጥ ብሎ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ተሻግሮ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ከዋሽንግተን ራሷ ይልቅ ወደ ሰሜን ከፍ ካለ በኋላ እንደ ገና ወደ ደቡብ ሲወርድ ይታያል። አይሮፕላን የሚከተለው የክሩን መንገድ እንጂ የማስመሪያውን አይደለም።

ይህም ቢሆን አብራሪው ክሩን በትክክል ይከተላል ማለት አይደለም። የየአገሩ የአየር ክልል ፈቃድ፣ የጦርነት ቀጠና፣ ማዕበልና ነፋስ መንገዱን ያጣምሙታል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን አንድ ጉዞ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ የተረከበውን ቦይንግ 767 አይሮፕላን ከዋሽንግተን አስነሥቶ ሳያሳርፍ አዲስ አበባ አስገብቷል። የተበረረው ርቀት 12,082 ኪሎሜትር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አይሮፕላን ሳያርፍ ካደረጋቸው ጉዞዎች ሁሉ የበለጠ ሆኖ ተመዝግቧል። ከአጭሩ መንገድ ጋር ሲነጻጸር በ500 ኪሎሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ትርፉ የተጨመረው መንገዱ ከክሩ እየወጣ በመሄዱ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ጉዞ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አልነበረም።

ርቀት በሚጻፍበት ጊዜ የመለኪያው ዓይነት እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያሻል። ያው 11,560 ኪሎሜትር በአሜሪካ የመንገድ ማይል 7,180 ያህል ሲሆን፣ አብራሪዎችና መርከበኞች በሚሠሩበት የባሕር ማይል ግን 6,240 ያህል ነው። አንዱ ወረቀት 7,180፣ ሌላው 6,240 ማይል ብሎ ሲጽፍ አንደኛው የተሳሳተ የሚመስለው ሰው አለ፤ ሁለቱም ግን ልክ ናቸው። የባሕር ማይል 1,852 ሜትር፣ የመንገድ ማይል 1,609 ሜትር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አይሮፕላን በክንፉ ላይ በሚያልፈው አየር ይነሣል፤ ሞተሩም የሚገፋው በሚስበው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በበለጠ ፍጥነት መሮጥ ያስፈልገዋል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ኀይሉ ይቀንሳል። በቦሌ ሊነሣ የሚሮጥ አይሮፕላን፣ ያንኑ ክብደት ይዞ በባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ ከሚያስፈልገው ፍጥነት ከመቶ 12 እጅ ያህል መጨመር አለበት።

ይህ ቀላል ጭማሪ ይመስላል፤ ግን መሬት ላይ ከሚደረገው ሩጫ ጋር ሲታይ ከባድ ነው። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ የለም። የአይሮፕላን ጎማም የሚችለው የፍጥነት ልክ አለው። በተጨማሪም የአየር ጉዞ ደንብ እንደሚያዝዘው፣ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሚነሣበት ቅጽበት አንዱ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ በቀረው አንድ ሞተር ከፍታ እየጨመረ በሰላም መሄድ መቻል አለበት። በዙሪያው ደግሞ እንጦጦን የመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ቆሟል። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ ትልቅ አይሮፕላን ሊይዝ ከሚችለው ክብደት ጥቂት ወይም ብዙ ቶን ትቶ እንዲነሣ ይገደዳል። በቀን ፀሐይ ሞቃቱ አየር ይበልጥ ስለሚሳሳ የሚተወው ክብደት ይጨምራል፤ በሌሊት ቅዝቃዜ ይቀንሳል።

የሚተወው ክብደት ከሦስት ነገር በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ ከመንገደኛ፣ ከጭነት ወይም ከነዳጅ። ለዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ ያለ ዕረፍት ለመሄድ ቢታሰብ፣ መንገደኛውና ጭነቱ ከሜዳው ይቀራል፤ እንደዚህ ያለ ጉዞ ኪሣራ ነው። አየር መንገዱ የመረጠው ሌላውን ነው። ነዳጁን ግማሽ አድርጎ፣ መንገደኛውንና ጭነቱን ይዞ ይነሣል፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ቦታ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ከደለስ የሚነሣው ግን ወፍራም አየርና ረጅም መንደርደሪያ ስላለው ነዳጁንም ጭነቱንም ይዞ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። ቦሌ ለማረፍ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ ጨርሶ ቀልሎ ስለሚመጣ፣ ከፍታው ለማረፉ ያን ያህል አያስቸግረውም።

የነዳጅ ነገር ነጋዴውን ምን ያህል እንደሚመለከት በቍጥር ማየት ይቻላል። ቦይንግ 787 የተባለው አይሮፕላን (የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው) በአንድ ሰዓት በረራ 5 ቶን ያህል ነዳጅ ይፈጃል። ስለዚህ ክብደቱ በተወሰነ አይሮፕላን ላይ አንድ የበረራ ሰዓት ሲጨመር 5 ቶን የሚያህል ጭነት መውረድ አለበት ማለት ነው። በ60 ኪሎ የቡና ጆንያ ቢታሰብ 83 ጆንያ ይሆናል። ቡና በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በመርከብ ስለሚሄድ ይህ ምሳሌ ብቻ ነው፤ ናሙናው ብቻ በአየር ይላካል። በዚህም ላይ ነዳጅ ራሱን ለመሸከም ነዳጅ ይፈጃል፤ ለሩቅ መንገድ የተጫነው ነዳጅ ከፊሉ የሚቃጠለው የቀረውን ነዳጅ ተሸክሞ ለመሄድ ነው።

በመንገድ ለነዳጅ የሚታረፍበት ቦታ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ሁሉም አገልግለዋል። ሦስቱን በርቀት ማነጻጸር አስተማሪ ነው። በሮም በኩል ሲኬድ ጠቅላላው መንገድ 11,710 ኪሎሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ከአጭሩ መንገድ የሚጨምረው 150 ኪሎሜትር ብቻ ነው። በደብሊን በኩል 11,830 ያህል ይሆናል፤ በካርታ ላይ አየርላንድ እጅግ ወደ ሰሜን የራቀች ብትመስልም ጭማሪው 270 ኪሎሜትር አይበልጥም። በሎሜ በኩል ግን 12,750 ኪሎሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም ወደ 1,190 ኪሎሜትር የሚጠጋ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስበርር ጭማሪ ነው። ሎሜን የመረጠ ሰው አላወቀበትም ማለት ግን አይደለም። በሎሜ መቀመጫውን ያደረገው አስካይ የተባለው አየር መንገድ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለ ድርሻ የሆነበት፣ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች መንገደኛ እየሰበሰበ ያመጣል፤ የነዳጁ ማረፊያ በዚህ ጊዜ የገበያ ማረፊያም ይሆናል። ለአዲስ አበባው ላኪ ግን ሸቀጡ የሚያሳልፈው ሰዓት በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ስለዚህ ቦታ ከመያዙ በፊት በየት በኩል እንደሚሄድ መጠየቁ አይከፋም።

ሌላው የሰዓት ልዩነት ምክንያት ነፋስ ነው። አይሮፕላኖች በሚበርሩበት ከፍታ፣ በተለይም በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ160 ኪሎሜትር በላይ ይሮጣል፤ በክረምታቸውም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አይሮፕላን ይህን ነፋስ በግንባሩ ይቀበላል፤ የሚመለሰው በጀርባው። በሰዓት 900 ኪሎሜትር የሚበርር አይሮፕላን በመላው መንገድ ላይ አማካይ 50 ኪሎሜትር ብቻ የሚያህል ነፋስ ቢገጥመው፣ ሲሄድ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ሲመለስ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጅበታል። የአንድ ሰዓት ከ26 ደቂቃ ልዩነት ከነፋስ ብቻ መጣ ማለት ነው። የቀረው ለነዳጅ ወርዶ፣ ቆሞ፣ እንደ ገና በመነሣት የሚጠፋው ጊዜ ነው።

በቲኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው በመድረሻው አገር አቆጣጠር ይጻፋል፤ ያውም በፈረንጅ ቍጥር። በቲኬት ላይ 22፡15 ያለው በእኛ ከምሽቱ 4፡15 ነው። ለምሳሌ ያህል በበጋቸው ወራት አንድ መንገደኛ ከምሽቱ 4፡15 ከቦሌ ተነሥቶ 17 ሰዓት ቢጓዝ፣ ዋሽንግተን የሚደርሰው በዚያ አገር ሰዓት በማግሥቱ ከጠዋቱ 2፡15 ነው፤ ወረቀቱን አይቶ የሚቀንስ ሰው 10 ሰዓት ብቻ የተጓዘ ይመስለዋል። ሲመለስ ከዋሽንግተን ከረፋዱ 5 ሰዓት ቢነሣና 13 ሰዓት ቢበርር፣ አዲስ አበባ የሚገባው በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ በወረቀት ላይ 20 ሰዓት ሆኖ ይታያል። አጭሩ ጉዞ የረጅሙ እጥፍ መስሎ ተገኘ!

ለዚህ ቀላል መፍትሔ አለ። የመሄጃውን 10 እና የመመለሻውን 20 ሰዓት ቢደምሩ 30 ይሆናል፤ እውነተኛው 17 እና 13 ሰዓትም ተደምሮ 30 ነው። በአንዱ ጉዞ የተቀነሰው የሰዓት ልዩነት በሌላው ስለሚጨመር፣ ድምሩ ሁልጊዜ እውነተኛ ነው። የደርሶ መልስ ቲኬት የያዘ ሰው የአገሩን የሰዓት ልዩነት ባያውቅ እንኳ፣ በሁለቱም መንገድ በአየርና በማረፊያ የሚያሳልፈውን ጠቅላላ ጊዜ በዚህ መንገድ ማግኘት ይችላል።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር አስመጪዎች አዘውትረው የሚመላለሱበትን የጓንጁን መንገድ ማየት ይበጃል። ከቦሌ እስከ ጓንጁ ባይዩን ማረፊያ 8,040 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፣ ሲሄዱ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚህ መንገድ የሚረዳው ነፋስ ሲሄዱ ነው፤ ሲመለሱ ይጋፋል፤ ስለዚህ ረጅሙ ጉዞ የመልሱ ነው። የሚያስፈልገው ነዳጅ ያነሰ ስለ ሆነ ከቦሌ ተነሥቶ ያለ ዕረፍት ይደረሳል። ጓንጁ በባሕር ጠለል አጠገብ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ደግሞ ከዚያ የሚነሣ አይሮፕላን ክብደቱን ሞልቶ ይነሣል። ይህም ለአገራችን ንግድ የሚስማማ አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ጨርቃ ጨርቅ፣ መለዋወጫና የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሄደው ይበልጣልና። የሰዓቱ ልዩነት ክረምት ከበጋ ሳይለወጥ 5 ሰዓት ነው። በሚያዝያና በጥቅምት ወራት ገደማ የሚከፈተው፣ በ1949 ዓ.ም. የተጀመረው የካንቶን ትርኢት ሲደርስ ግን በዚህ መስመር ላይ ቦታ ማግኘት እንደ ሌላው ጊዜ ቀላል አይደለም።

በአየር የሚያስመጣ ባለሱቅ ከርቀቱ ይልቅ ኪሱን የሚነካው የኪራይ ክብደት አቆጣጠር ነው። አየር መንገዶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ቁመት፣ ስፋትና ከፍታ በሳንቲሜትር አባዝተው ለ6,000 ያካፍሉታል፤ ከሚዛኑና ከዚህ ውጤት በሚበልጠው ያስከፍላሉ። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 50፣ ከፍታው 40 ሳንቲሜትር የሆነ ካርቶን 120,000 ይሆናል፤ ለ6,000 ሲካፈል 20 ኪሎ ነው። በውስጡ ያለው የፕላስቲክ አበባ 12 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም ኪራዩ የ20 ኪሎ ነው። ዕቃውን ገና በሻጩ መጋዘን ሳለ አጥብቆ ማሸግ፣ ባዶ ቦታ አለማስቀረት፣ ከቅናሽ ልመና ይልቅ ገንዘብ ያድናል።

ወደ ዋሽንግተኑ መንገድ እንመለስና፣ በከፍታው ጉዳይ እጅግ የሚጎዳው ላኪ ቶሎ የሚበላሽ ነገር የሚልከው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ ከአዲስ አበባ በአየር መላክ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። እንጀራ በተጋገረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሸጥ ያለበት ነገር ነው። አይሮፕላኑ መንገደኛና ሻንጣ ሞልቶ ሲገኝ፣ ወይም ሙቀቱ ከተገመተው በላይ ሆኖ የመነሻው ክብደት ሲቀነስ፣ ቀድሞ የሚወርደው ጭነት ነው። አንድ ቀን ያደረ እንጀራ ከዕድሜው አንድ ትልቅ እጅ አጥቷል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ላኪዎች የሚልኩትን ሁሉ በአንድ በረራ አይጭኑም፤ በሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ይልካሉ፤ ከአስተላላፊያቸውም ጋር ቦታው የተረጋገጠ ነው ወይስ ከተገኘ የሚጫን ነው የሚለውን በጽሑፍ ይለያሉ።

ምግብ ወደ አሜሪካ የሚልክ ሰው ሌላም የሰዓት ግዴታ አለበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቍጥጥር መሥሪያ ቤት፣ በአየር የሚገባ ምግብ አይሮፕላኑ ከመድረሱ ቢያንስ 4 ሰዓት አስቀድሞ እንዲነገረው ያዝዛል። ማስታወቂያው ሳይደርስ የገባ ምግብ በመግቢያው ይያዛል። 4 ሰዓቱ የሚቈጠረው ወደ ኋላ ከመድረሻው እንጂ ከቦሌ መነሻ አይደለም፤ ሆኖም አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የሚገኝ ስሕተትን ለማረም የዋሽንግተኑ ተቀባይ በዚያ ሌሊት ነቅቶ መገኘት ይኖርበታል። ወረቀቱ ሁሉ ጭነቱ ቦሌ ከመግባቱ በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

የሥራ ሰዓት መገናኘትም ጠባብ ነው። በአሜሪካ በጋ ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለ ሆነ፣ የዋሽንግተን ቢሮ በራሱ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲከፈት በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በ11፡30 የሚዘጋ መሥሪያ ቤት ከዚያኛው ጋር የሚነጋገርበት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ አለው። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ አሜሪካውያን ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ የመነጋገሪያውም ጊዜ ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል። ይህ እስከ መጋቢት መባቻ ገደማ ይቆያል። የኢትዮጵያ ሰዓት ስለማይለወጥ፣ በነዚህ ሁለት ጊዜያት አካባቢ ጭነት የሚልክ ወይም መንገደኛ የሚቀበል ሰው የታተመውን የበረራ ሰዓት እንደ ገና ይመልከት።

ስለ ከፍታው ጉዳይ ወደ ፊት የሚጠበቅ ነገር አለ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ፣ ለሚሠራው አዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ የንድፉ ሥራ ውል በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተፈርሟል። የቢሾፍቱ አካባቢ ሜዳ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ ልክ አየሩ ስለሚወፍር፣ ከዚያ የሚነሣ አይሮፕላን ከቦሌ ከሚነሣው የበለጠ ቶን ይዞ መነሣት ይችላል። ይህም ቢሆን ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ያለ ከፍ ያለ ማረፊያ መሆኑ አይቀርም፤ በዋሽንግተን መስመር የነዳጁ ዕረፍት ይቀር እንደ ሆነ የሚወሰነው በዚያን ጊዜ በሚበረው አይሮፕላን ዓይነትና በሚጫነው ክብደት ነው።